ማርቆስ ያለችው ፊልም ቤት፣ "ኮሪያና ጃፓን" የሚለው ፎልደሯ እና የትርጉም ነገር

እስቲ ስለዚች ቤት ልጻፍ፣ እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ክረምቱም አለፈ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለችው፣ ከመናኸሪያው ብዙም አትርቅም፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ጁስ ቤት መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ነች፣ በሩ ላይ በእጅ ከተጻፈው "ፊልም እንጭናለን ሙዚቃ እንጭናለን" ከሚለው በቀር ስምም የላትም። ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ፣ የተደራረቡ ሃርድ ዲስኮች፣ የሞባይል ከቨርና ቻርጀር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ያገለገሉ መጻሕፍት የታጨቁበት መደርደሪያ፣ በቃ ይሄው ነው። ግን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማኑኤል ሚኒባስ ተሳፍሬ የምመጣባት ቤት ነች፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሌላ ፊልም ቤት ገብታችሁ "ኮሪያ አለ?" ስትሉ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ፍላሹን ይቀበላችኋል፣ ስንት ጊጋ ነው ይላል፣ አዲስ የገባውን የፍቅር ድራማ ሙሉውን ገልብጦ ይሰጣችኋል፣ ጃፓን ካላችሁት ደግሞ ወይ አኒሜ ነው ወይ የሳሙራይ ድብድብ። እዚህ ግን መጀመሪያ የገባሁ ቀን ኦልድቦይን ጫንልኝ ስለው ልጁ (ዩኒቨርስቲ ታሪክ ነው የተማረው፣ ሥራ ሲጠፋ ነው ይሄን የከፈተው) ቀና ብሎ አየኝና "እታለም፣ ይሄ እኮ መጀመሪያ የጃፓን ታሪክ ነው፣ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ለካ በ1990ዎቹ የወጣ የጃፓን ማንጋ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ነው፣ ማንጋው ላይ ሰውየው 10 ዓመት ነው የሚታሰረው፣ ኮሪያዎቹ 15 አደረጉትና የታሰረበትንም ምክንያት ለውጠው በ2003 ፊልም ሠሩት፣ በዓመቱ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት ወሰደ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው፣ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ)። ከዛ ማውሱን እየነዳ "ኮሪያና ጃፓን" የሚል ፎልደር ከፈተልኝ፣ ውስጡ ደግሞ ትናንሽ ፎልደሮች፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሁለት ፊልም። አንዱ የጃፓን አንዱ የኮሪያ። "አንዱን ብቻ ከወሰድሽ ግማሹን ነው የወሰድሽው" አለኝ። እኔ ይሄን አባባል ለገበያ ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ፣ ለሁለተኛው ግን አላስከፈለኝም።

ጥንዶቹ ሁሉም እኩል አይደሉም። ቦይስ ኦቨር ፍላወርስን ሁላችንም ኮሪያ ነው ብለን ነው ያየነው፣ የ2009ኙን፣ ታሪኩ ግን ከጃፓን ማንጋ ነው፣ ጃፓኖቹም በ2005 ራሳቸው ድራማ አድርገውታል፣ ሁለቱን አይቼ የኮሪያው ይሻላል ብያለሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም። በርኒንግ የሚለው የ2018ቱ የኮሪያ ፊልም ደግሞ ጥንዱ ፊልም ሳይሆን አጭር ልብወለድ ነው፣ የጃፓኑ ሙራካሚ የጻፈው፣ ልጁ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ፒዲኤፍ አድርጎ እዛው ፎልደር ውስጥ አስቀምጦታል፣ እንዲህ የሚያስብ ፊልም ጫኝ የት አያችሁ?

ሊትል ፎረስት ላይ ግን ልቆይ። ይሄም ከጃፓን ማንጋ የመጣ ነው። ጃፓኖቹ በ2014 እና 2015 በአራቱ ወቅቶች ከፋፍለው በሁለት ፊልም ሠሩት፣ ኮሪያዎቹ በ2018 በአንድ ፊልም። ታሪኩ ቀላል ነው፣ አንዲት ወጣት ከተማ ኖራ ወደ ገጠር ቤቷ ትመለሳለች፣ እናቷ ትታት ሄዳለች፣ እሷ ትዘራለች ታጭዳለች ታበስላለች ትበላለች። ጃፓኑ ላይ ምንም የሚፈጠር ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ቲማቲም ይተከላል፣ ዳቦ ይጋገራል፣ እጇ ሥራ ላይ ሆኖ ድምጿ ብቻ ይሰማል፣ እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። የኮሪያው ላይ ልጅቷ ለምን መጣሽ ስትባል "ርቦኝ" ነው የምትለው፣ ሴኡል የመምህርነት ፈተና ወድቃ፣ ከመደብር የተገዛ ቀዝቃዛ ምግብ ስትበላ ከርማ። ይቺን አንድ ቃል ጃፓኑ ላይ አታገኟትም። ኮሪያዎቹ ታሪኩን ተቀብለው የራሳቸውን ወጣት ጭንቀት ጨመሩበት፣ ፈተናውን፣ ሥራ ማጣቱን፣ ጓደኞቿን። ማኮሊ የሚሉት የሩዝ ጠላ አላቸው፣ ልጅቷ ራሷ ትጠነስሰዋለች፣ ጌሾ የለውም እንጂ መጠንሰሱ፣ መሸፈኑ፣ እስኪደርስ መጠበቁ የኛው ነው። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ እያየች "ይቺ ልጅ የሰው ልጅ ነች" አለች፣ ከሷ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ምግቡን ለማየት ጃፓኑን፣ እናትና ልጅን ለማየት ኮሪያውን እመርጣለሁ። ሁለቱንም ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ እዩት፣ አንዱ ሌላውን ያሳያችኋል።

እንግዲህ ይሄን ያየ ሰው እነዚህ ሁለት አገሮች ወንድማማች ናቸው ብሎ ነው የሚያስበው፣ እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ከዛ ልጁ ሌላኛውን ፎልደር ከፈተ።

ለማታውቁ ባጭሩ፣ ጃፓን ኮሪያን በ1910 ጠቅልላ ወሰደቻት፣ እስከ 1945 ገዛቻት፣ 35 ዓመት። የኛ አምስት ዓመት ነው፣ አምስቱ ዓመት እስከዛሬ ሽማግሌዎቻችን የሚያወሩትን አስቡና 35ቱን አስሉት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮሪያኛ ከትምህርት ቤት ወጣ፣ ከ1940 ጀምሮ ደግሞ ሰዉ ስሙን ወደ ጃፓን ስም እንዲለውጥ ተገፋ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል በሚባልበት አገር ላደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ አይልም።

ዶንግጁ የሚለውን የ2016 ፊልም እዩልኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። ዩን ዶንግጁ የሚባል ገጣሚ ነው፣ በ1917 የተወለደ፣ ጃፓን አገር ለመማር ሲል ስሙን ወደ ሂራኑማ ለመለወጥ ተገደደ፣ ሊያስመዘግብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ንስሐ የሚመስል ግጥም ጻፈ፣ በዛገ የመዳብ መስታወት ውስጥ ፊቱን እያየ የሚያፍርበትን። ግጥሞቹ ውስጥ ጠመንጃ የለም፣ ፉከራ የለም፣ ሰማይ ነፋስ ኮከብ ነው ያለው፣ እሱ ግን ለኮሪያ ነፃነት ይሠራል ተብሎ ተወነጀለ። በ1943 ኪዮቶ ላይ ታሰረ፣ በየካቲት 1945 ፉኩኦካ እስር ቤት ውስጥ በ27 ዓመቱ ሞተ፣ አገሩ ነፃ ልትወጣ ስድስት ወር ሲቀራት። መጽሐፉን በሕይወት እያለ አላየውም፣ የታተመው በ1948 ነው። እኔ ይሄን እያየሁ የኛው ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው ትዝ ያሉኝ፣ በአርበኝነት ተማርከው ጣልያን አገር ተወስደው የታሰሩት፣ እሳቸው ተመልሰው ፍቅር እስከ መቃብርን ጻፉልን፣ ባይመለሱስ ኖሮ ብዬ ደነገጥኩ፣ ከምር ደነገጥኩ።

ደግሞ ይሄንን ስሙ። ኢባራጊ ኖሪኮ የምትባል የጃፓን ገጣሚ በሃምሳ ዓመቷ ኮሪያኛ መማር ጀመረች፣ ስለ ዩን ዶንግጁም ጻፈች፣ ጽሑፏ የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ኪዮቶ የተማረበት ዩኒቨርስቲ ግቢ ውስጥም ከ1995 ጀምሮ ግጥሙ የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሞለታል። በገዳዮቹ አገር። ቅኔ ቤት በሞላበት ጎጃም ያደግን ሰዎች ግጥም ከሰይፍ እንደሚቆይ ሰምተን ነው ያደግነው፣ እዚህ ግን በዓመተ ምሕረትና በቦታ አየሁት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቤቷ ሁለት ዓይነት ፊልም አላት፣ ባለ ሳብታይትልና ትርጉም። ትርጉም ማለት ያው ታውቁታላችሁ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በአማርኛ ሁሉንም የሚተርክበት። ለአባባ ብዬ ነው ትርጉም የወሰድኩት፣ እንግሊዝኛ አያነብም። ፊልሙ በ2017 የወጣው ስለ ፓርክ ዮልና ስለ ካኔኮ ፉሚኮ የሚያወራው ነው። ፓርክ ዮል ቶኪዮ የሚኖር ኮሪያዊ አመፀኛ፣ ፉሚኮ የጃፓን ሴት፣ በልጅነቷ ኮሪያ አያቷ ጋ ኖራ የተገፋች፣ ሁለቱ ተዋደዱ። በመስከረም 1 ቀን 1923 ቶኪዮና ዮኮሃማን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ፣ ወዲያው ኮሪያዎች ጉድጓድ ውኃ መረዙ እሳት ለኮሱ የሚል ወሬ ተነዛ፣ ሰፈርተኛው ዱላና ሰይፍ ይዞ ወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያዎች ተገደሉ። እና ኮሪያዊውን በምን ነበር የሚለዩት? "አሥራ አምስት የን ከሃምሳ ሴን በል" ይሉታል። በጃፓንኛ "ጁጎ ኤን ጎጂሰን" ነው፣ ኮሪያዊ ምላስ "ጁ"ን "ቹ"፣ "ጎ"ን "ኮ" ያደርገዋል፣ ያቺ አንዲት ፊደል ታስገድለዋለች። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ በዮርዳኖስ መሻገሪያ "ሺቦሌት በል" የሚሉት፣ "ሲቦሌት" ያለውን የሚያርዱት፣ ራሱ ነው እኮ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቶኪዮ ላይ።

እንግዲህ ትርጉሙ ይሄን ቦታ ምን እንዳደረገው ላውራችሁ። ተራኪው "ማነህ አሉት፣ መልስ አልሰጠም፣ ገደሉት" ብሎ አለፈው። አለቀ። ከሥር የሚሰማው ድምፅ ተደፍኗል፣ ጃፓንኛ ይሁን ኮሪያኛ አይለይም፣ ሁሉም ሰው በአንድ ወፍራም ድምፅ አማርኛ ያወራል። ፊልሙ ሙሉውን የተሠራው እኮ ማን በየትኛው ቋንቋ ተናገረ በሚለው ላይ ነው! ፓርክ ዮል ፍርድ ቤት የኮሪያ ልብሱን ለብሶ ገብቶ በኮሪያኛ ሲመልስ ያ ነው ድፍረቱ፣ ፉሚኮን የምትጫወተዋ ተዋናይት ኮሪያዊት ሆና የጃፓኗን ሴት ኮሪያኛ እንደ ጃፓን ሰባብራ ስትናገረው ያ ነው ፍቅሯ፣ ይሄን ከወሰዳችሁበት የቀረው የፍርድ ቤት ጭቅጭቅ ነው። ተርጓሚውን አልረግምም፣ ደክሞበታል፣ እሱ ባይኖር አባባም እናቴም ምንም አያዩም ነበር። ግን "ይሄኔ በጃፓንኛ ተናገረ" "አሁን ወደ አገሩ ቋንቋ ዞረ" ብሎ መጨመር ምን ይከብደው ነበር? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ ምን አደረግኩ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ባለ ሳብታይትሉን አስጫንኩና ራሴ አባባ አጠገብ ቁጭ ብዬ አስተረጎምኩለት። ዘ ኤጅ ኦፍ ሻዶውስ የሚለውን ነበር፣ የ2016፣ በ1920ዎቹ ስለ ነፃነት ታጋዮችና ስለ ጃፓን ፖሊስ። ዋናው ሰውዬ ኮሪያዊ ሆኖ የጃፓን ፖሊስ መኮንን ነው። "አሁን ጃፓንኛ ነው አባባ" እላለሁ፣ "አሁን ኮሪያኛ"። አባባ ሦስት አራት ጊዜ ዝም ብሎ ሰማኝና "ቆይ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ላለቆቹ ባለቆቹ አፍ፣ ለወገኑ በወገኑ አፍ ነው የሚያወራው?" አለኝ። አዎ ስለው "ባንዳ ነዋ!" አለ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ከዛ አባቱ የነገሩትን አወራኝ፣ በጣልያን ጊዜ ሰዉ ከወታደሩ ይልቅ አስተርጓሚውን ይፈራ እንደነበር፣ ወታደሩ የሚያውቀው አስተርጓሚው የነገረውን ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቃል አጣሞ ቤት የሚያስቃጥል እሱ ስለነበር። እኔ ይሄን ታሪክ በዚህ ዕድሜዬ ከአባቴ ሰምቼው አላውቅም። ኮሪያ ፊልም ነው ያስወራው። ፊልሙ ሲያልቅ ሰውየው ባንዳ ነው አይደለም በሚለው እስከ ሌሊት ተከራከርን፣ መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ፓቺንኮም አላት ቤቷ፣ ሁለቱም ሲዝን። ከሚን ጂን ሊ ልብወለድ የተሠራው፣ መጽሐፉ በ2017 ነው የወጣው፣ ሲሪሱ በ2022 ጀመረ። ከቡሳን አጠገብ ካለች ደሴት የወጣች ሱንጃ የምትባል ልጅ ኦሳካ ሄዳ ኪምቺ ገበያ እየሸጠች ልጆች ታሳድጋለች፣ ልጆቿም የልጅ ልጇም ጃፓን ውስጥ ይወለዳሉ ግን ኮሪያዊ እንደተባሉ ይቀራሉ። እዚህ ላይ የቋንቋውን ነገር ሠሪዎቹ ራሳቸው አስበውበታል፣ ሳብታይትሉ ኮሪያኛ ሲሆን ቢጫ ነው፣ ጃፓንኛ ሲሆን ሰማያዊ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንኳን ቢጫና ሰማያዊ ይቀላቀላል፣ በተለይ የልጅ ልጁ ሲናገር፣ ቀለሙን ብቻ አይቶ ሰው የቱ ጋ እንደተሰበረ ያውቃል። ሱንጃ ስታገባ እናቷ ነጭ ሩዝ ለመግዛት የምትለምንበት ቦታ አለ፣ በአገሯ የበቀለ ሩዝ ለገዢው ስለሚሄድ ለሷ ብርቅ ነው፣ ለልጄ የአገሯን ጣዕም ላቅምሳት ብላ ነው። ማኛ ጤፍ አምርቶ ሸጦ ራሱ ዳጉሳ የሚበላ ገበሬ ቤት ያደገ ሰው እዛ ጋ ሳያለቅስ ካለፈ ይንገረኝ። ከቤቷ ፊልሞች ሁሉ አንድ ብቻ ውሰዱ ብባል ይሄን ነው የምለው፣ እባካችሁ ግን ትርጉሙን ሳይሆን ባለ ቀለሙን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ታዲያ እንዴት ተመልሰው ፊልም ተለዋወጡ የሚለው ነበር የኔ ጥያቄ። ልጁን ስጠይቀው ላቭ ሌተርን ሰጠኝ፣ የ1995 የጃፓን ፊልም፣ በረዶ፣ የሞተ ፍቅረኛ፣ ለሞተ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ። ኮሪያ ነፃ ከወጣች በኋላ የጃፓን ፊልምና ሙዚቃ ከልክላ ነው የኖረችው፣ በ1965 የዲፕሎማሲ ግንኙነት ጀምረው እንኳን ክልከላው አልተነሳም። በጥቅምት 1998 የኮሪያው ፕሬዚደንት ኪም ዴጁንግና የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦቡቺ ቶኪዮ ላይ ተፈራረሙ፣ ጃፓን በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዛ ቀስ በቀስ በሩ ተከፈተ። ላቭ ሌተር በ1999 ሲኒማ ሲገባ ከሚሊዮን ሰው በላይ አየው፣ ብዙ የኮሪያ ተማሪ ግን ከዛ በፊት በየዩኒቨርስቲው በተባዛ ካሴት አይቶት ነበር። በተባዛ ካሴት! የመንግሥት ክልከላ ያላቆመውን ነገር እንደዚች ቤት ያለ ሰው ነው ከእጅ እጅ ያሻገረው። ልጅቷ በረዶ ተራራ ፊት ቆማ "ኦገንኪ ዴስ ካ" እያለች የምትጮኸውን፣ ደህና ነህ ወይ ማለት ነው፣ ጃፓንኛ የማይችል ኮሪያዊ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል አሉ፣ እኔም አሁን አውቀዋለሁ።

ከዛ መንገዱ ተገላበጠ። በ2002 የዓለም ዋንጫን አብረው አዘጋጁ፣ በዛው ዓመት ኮሪያ ዊንተር ሶናታን ሠራች፣ በ2003 የጃፓን ቴሌቪዥን ሲያሳየው የጃፓን እናቶች አበዱ፣ ተዋናዩን ዮን ሳማ ብለው ሰየሙት፣ "ሳማ" ትልቅ አክብሮት ነው እንደ "እርስዎ"፣ ኮሪያዊን! የገዙትን አገር ሰው! አየር ማረፊያ ድረስ በሺዎች ወጥተው ተቀበሉት። ቦታውን ለማየትም ወደ ኮሪያ ጎረፉ፣ ቹንቾን የምትባል ከተማና አጠገቧ ያለችው ናሚ ደሴት።

ቹንቾን ሲባል ጆሮዬ ቆመ። የቃኘው ሻለቃ ሐውልት ያለባት ከተማ እኮ ነች! በ1943 በኛ አቆጣጠር ወደ ኮሪያ ዘምተው የተዋጉት የኛዎቹ፣ ከነሱ 120 የሚሆኑት እዛው የወደቁት፣ መታሰቢያቸው እዛ ነው፣ ጃንሆይም በ1968 በፈረንጆች ሄደው አይተውታል፣ አጠገቡም በኢትዮጵያ ስም የተከፈተ ቡና ቤት አለ። የጃፓን ሴቶች የፍቅር ድራማ ፍለጋ የሄዱባት ከተማ ውስጥ የኛ ሰዎች መታሰቢያ ቆሟል። ይሄን ለልጁ ስነግረው እሱ ደግሞ ሐውልቱን ያውቅ ነበር ድራማው እዛ መቀረጹን ግን አያውቅም፣ እና ያን ቀን እኔም ለቤቷ አንድ ነገር ጨመርኩላት ማለት ነው።

ሌላው ኮሬ ኤዳ የሚባለው የጃፓን ዳይሬክተር ነው፣ በ2018 ሾፕሊፍተርስ በሚለው ካን አሸነፈ፣ በዓመቱ የኮሪያው ፓራሳይት አሸነፈ፣ ከዛ በ2022 እሱ ራሱ ኮሪያ ሄዶ በኮሪያኛ ብሮከርን ሠራ፣ የፓራሳይቱ አባት ሶንግ ካንግሆ በዛው ፊልም ካን ላይ የምርጥ ወንድ ተዋናይ ሽልማት ወሰደ። ሶንግ ካንግሆ ማለት አባባ ባንዳ ነው ያለው ሰውዬ ነው። ፊልሙ ለኔ ትንሽ ለሰለሰብኝ፣ የጃፓኑን ሾፕሊፍተርስ ያህል አልያዘኝም፣ ግን ጃፓናዊ አዛዥ ኮሪያዊ ታዛዥ በሆነበት ዘመን ላይ ፊልም ሳይ ከርሜ ሁለቱ ቁጭ ብለው አንድ ሥራ ሲሠሩ ማየት ደስ ብሎኛል።

መደርደሪያው ላይ ስላሉት መጻሕፍትም ልበል። ከበደ ሚካኤል ስለ ጃፓን ሥልጣኔ የጻፉትን ጃፓን እንደምን ሠለጠነች እዛ ነው ያገኘሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ። አባቶቻችን ጃፓንን እንደ አርአያ ነበር የሚያዩት፣ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ሠልጥኖ ራሱን አስከበረ ብለው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 በኛ አቆጣጠር ጃፓን ሄደው አይተው ተደንቀው መጽሐፍ ጽፈዋል፣ በዛው ዓመት አካባቢ የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓን የተቀዳ ነበር። ኅሩይ ቶኪዮ ላይ በክብር ሲስተናገዱ ኮሪያ 21 ዓመት ሆኗታል በቅኝ ግዛት፣ ዩን ዶንግጁ ገና 14 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ጣልያን ሲወረንም ጃፓን በ1936 ወረራውን ተቀብላ አፀደቀች። አባቶቻችንን አልወቅስም፣ በነበሩበት ሰዓት የሚያዩት ያንን ነበር፣ ግን ያን መጽሐፍ ብቻ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ስለ ጃፓን ግማሹን ነው የማውቀው፣ ልጁ መጀመሪያ ቀን እንዳለኝ።

እሺ አሁን ዋጋና አገልግሎት። አንድ ፊልም 10 ብር ነው፣ ተከታታይ በክፍል 3 ብር፣ ብዙ ስትወስዱ ይቀንስላችኋል፣ መጽሐፍ በመያዣ ያከራያል፣ መልሳችሁ ስታመጡ መያዣውን ይመልሳል። ሰውን ያከብራል፣ ሴት ልጅ ስለሆንሽ ይሄን ውሰጂ ብሎ የማያይሽ ቤት ማርቆስ ውስጥ ሁለተኛ አላየሁም። ፍላሻችሁን መጀመሪያ ስካን ያደርጋል፣ ቫይረስ ካለ ሳይነግር አያጠፋም። ችግሩ መብራት ነው፣ መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ቆመ፣ ጄኔሬተር የለውም፣ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ወደ አማኑኤል ተመልሻለሁ። ሳብታይትሉም አንዳንዱ ላይ ከድምፁ ይቀድማል፣ ዶንግጁ ላይ ሁለት ሦስት ሴኮንድ፣ ግጥም ሲነበብ ይሄ ያናድዳል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ትርጉም ፊልሞቹን የሠራው እሱ ስላልሆነ በዛ ነጥብ አልቀንስበትም ብዬ ነበር፣ ግን የቱ ትርጉም የቱ ባለ ሳብታይትል እንደሆነ ፎልደሩ ላይ አይጽፍም ነበርና ቤት ደርሼ ነው ያወቅኩት፣ በዛ ቀንሼበታለሁ። ከ5 ኮከብ 4።

ቅሬታዬን በአካልም ነግሬዋለሁ። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ወረቀት አወጣ፣ "የቱ ደቂቃ ላይ ነው?" አለኝ፣ የአሥራ አምስት የኑን ቦታ ነገርኩት፣ ጻፈው። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ፎልደሮቹ ስማቸው ተቀይሯል፣ "ትርጉም" "ጽሑፍ" ተብለው ተለይተዋል፣ ፓቺንኮ ላይ ደግሞ "ቢጫው ኮሪያኛ፣ ሰማያዊው ጃፓንኛ" የሚል አጭር ማስታወሻ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጫናል። አሁን ጎ የሚለውን የ2001 የጃፓን ፊልም አዝዤዋለሁ፣ ጃፓን ተወልዶ ስላደገ የኮሪያ ልጅ ነው፣ መጽሐፉን የጻፈውም ራሱ እንደዛ የተወለደ ሰው ነው። እስከ ቅዳሜ ይገባል ብሎኛል፣ አባባም አብሬሽ ልምጣ ብሏል፣ ልጁን ማየት ይፈልጋል። የምትሄዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ 32 ጊጋ ያለው ፍላሽ ያዙ፣ "የሁለቱን ስጠኝ" በሉት።